18 ጊዜ ተሸንፋ በ19ኛው ያሸነፈችው ተዋናይት፦ ሱዛን ሉቺ ማን ናት?

እስቲ አስቡት። አምራችሁ ለብሳችሁ የሽልማት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል። ስማችሁ ከእጩዎች ጋር ተጠራ። ካሜራው ፊታችሁ ላይ ነው። ፖስታው ተከፈተ፣ የሌላ ሰው ስም ተነበበ። እናንተም ፈገግ ብላችሁ አጨበጨባችሁ።

ይሄ አንዴ እንኳን ሲያጋጥም ያማል። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሱዛን ሉቺ ላይ ግን 18 ጊዜ ደርሷል። ዛሬ የምናወራው ስለ እሷ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 አነሳሷ

ሱዛን የተወለደችው ዲሴምበር 23 ቀን 1946 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ነው። ያደገችው ደግሞ ሎንግ አይላንድ፣ ጋርደን ሲቲ በምትባል ከተማ። በ1968 ከሜሪማውንት ኮሌጅ ተመረቀች። በዓመቱ ኦስትሪያ የተወለደውን ሄልሙት ሁበርን አገባች። ሄልሙት በኋላ ሥራዋን የሚመራላት ሰውም ሆነ፤ ሁለት ልጆች ወልደዋል።

በጃንዋሪ 1970 ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ኦል ማይ ቺልድረን» የተባለ አዲስ ድራማ ጀመረ። ደራሲዋ አግነስ ኒክሰን ትባላለች። ታሪኩ የሚካሄደው ፓይን ቫሊ በምትባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ ነው። የ23 ዓመቷ ሱዛን ኤሪካ ኬን የምትባል ቆንጆ፣ ራስ ወዳድና አስቸጋሪ ተማሪ ሆና እንድትጫወት ተመረጠች።

ያቺን ገጸ ባሕርይ ለ41 ዓመት ተጫወተቻት። አዎ፣ 41 ዓመት!

🔹 «ሶፕ ኦፔራ» ማለት ግን ምንድነው?

«ሶፕ» ሳሙና ነው። ስሙ የመጣው ከሬዲዮ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ ቀን ቀን የሚተላለፉትን የሬዲዮ ድራማዎች ስፖንሰር የሚያደርጉት የሳሙና ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ቤት ሆነው የሚያዳምጡት በብዛት የቤት እመቤቶች ናቸው። ድራማው ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ስሙም አብሮት ተሻገረ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንደዚህ ዓይነት ድራማ በሳምንት አንዴ አይደለም የሚወጣው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው። «ኦል ማይ ቺልድረን» ሲጀምር ግማሽ ሰዓት ነበር፤ በ1977 አንድ ሰዓት ሆነ። ተዋናዩ ማታ ብዙ ገጽ ይሸመድዳል፣ ጠዋት ይቀረጻል፣ ማታ ደግሞ የነገውን ይጀምራል። እንደ ፊልም አንዷን ትዕይንት ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ መቅረጽ የለም፤ ጊዜው አይበቃም።

🔹 ኤሪካ ኬን ለምን ተወደደች?

ኤሪካ ጥሩ ሰው ስለሆነች አይደለም። ትዋሻለች፣ ሰው ትቀማለች፣ ታገባለች ትፈታለች። ተመልካቹ አንድ ቀን ይሰድባታል፣ በማግስቱ ያዝንላታል። ግን አንድም ቀን አያመልጠውም።

ድራማው ሰው በአደባባይ የማያወራውንም ነገር በእሷ በኩል ያወራ ነበር። በ1973 ኤሪካ ጽንስ ስታቋርጥ ታየች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሕጋዊ ያደረገው በዚያው ዓመት ስለነበር ብዙ አነጋገረ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤሪካ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሱሰኛ ሆነች። ሱዛን በጣም ከተመሰገነችባቸው ትዕይንቶች አንዱ ይሄ ነው።

🔹 ታዲያ ለምን አታሸንፍም ነበር?

የቀን ድራማዎች ትልቁ ሽልማት ዴይታይም ኤሚ ይባላል። ሱዛን በምርጥ መሪ ተዋናይት ዘርፍ መጀመሪያ የታጨችው በ1978 ነው። አልሆነም። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ታጨች። አሁንም አልሆነም።

ነገሩ እየቆየ የአገር ቀልድ ሆነ። በ1990 «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቀልድ ፕሮግራም ስታቀርብ፣ ለሷ ብቻ ሽልማቱ እንዳልደረሳት እየታየ ተቀለደ። ሠራተኞቹ ሁሉ ኤሚ ይዘው ይታያሉ፣ እሷ ባዶ እጇን! እሷም አብራ ሳቀች።

በ1995 የባሰው መጣ። የኤሪካን ልጅ የምትጫወተው ሳራ ሚሼል ጌላር በወጣት ተዋናዮች ዘርፍ ኤሚ ወሰደች። (ሳራን «በፊ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ታውቋት ይሆናል።) ልጅ አሸነፈች፣ እናት ገና ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳኞቹ የሚያዩት የዓመቱን ሥራ በሙሉ አይደለም፤ ተዋናዩ መርጦ ያስገባቸውን ጥቂት ክፍሎች ነው። የኤሪካ ጉልበት ደግሞ አንድ ቀን ላይ ብቻ አይታይም። ተመልካቹ ዓመታት ከእሷ ጋር ስለኖረ ነው አንድ እይታዋ እንኳን ትርጉም የሚሰጠው። ሽልማቱ የሚመዝነው አንድ ቀንን ነው፤ የሷ ሥራ ግን የዕድሜ ልክ ነበር።

🔹 ሜይ 21፣ 1999

ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። 19ኛ እጩነቷ ነው። ፖስታውን የያዘው ሼማር ሙር ነው። («ክሪሚናል ማይንድስ» ላይ የተጫወተው ሼማር፤ ያኔ እሱም የሶፕ ኦፔራ ተዋናይ ነበር።) ከፈተው፣ አየው፣ ስሟን ከመጥራቱ በፊት የሽንፈቱ ዘመን ማብቃቱን አበሰረ።

አዳራሹ ተነሳ። ጭብጨባው ለደቂቃዎች አልቆመም፤ እሷ መናገር አልቻለችም፣ ብዙዎች አለቀሱ። በመጨረሻ ስትናገር ይሄ ቀን ይመጣል ብላ በእውነት እንዳላመነች ገለጸች። ባሏንና ልጆቿን አመሰገነች። ንግግሯን የዘጋችው ግን ሰኞ ወደ ስቱዲዮ ተመልሳ ኤሪካን በሙሉ ኃይሏ እንደምትጫወት በመናገር ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ጠብቃ፣ ያሰበችው የሰኞን ሥራ ነው።

🔹 ከዚያስ?

በዚያው ዓመት መጨረሻ ብሮድዌይ ቲያትር ላይ «አኒ ጌት ዩር ገን» በተባለው ሙዚቃዊ ድራማ ዋናዋን ሆና ተጫወተች። በ2005 ሆሊውድ የእግረኛ መንገድ ላይ በስሟ ኮከብ ተቀመጠላት። በ2008 «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» ላይ በ61 ዓመቷ ዳንስ ተወዳደረች።

በ2011 ግን ኤቢሲ ድራማውን ዘጋው። ቀን ቤት ቁጭ ብሎ ቲቪ የሚያይ ሰው ቀንሶ ነበር፣ በየቀኑ ድራማ መሥራት ደግሞ ውድ ነው። ቦታውን የያዘው ስለ ምግብ የሚያወራ ርካሽ ፕሮግራም ነው። ሱዛን ያኔ 64 ዓመቷ ነበር። «በቃ አለቀላት» ላሉት መልሷ «ዲቪየስ ሜይድስ» ሆነ፤ ከ2013 እስከ 2016 ተጫወተችበት። በ2023 ደግሞ ዴይታይም ኤሚ የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጣት። በመጨረሻ ዕድሜዋን በሙሉ መዘኑላት ማለት ነው።

🔹 ከሽልማቱ የሚበልጠው ታሪክ

በ2018 ደረቷን ጫን ጫን አደረጋት። «ምንም አይደለም፣ ያልፋል» ብላ ችላ አለችው። ተመልሶ መጣ። ሲመረመር ዋናው የልቧ ደም ሥር 90 በመቶ ተዘግቷል! ሐኪሞች ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት አስገቡላትና ተረፈች። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ የልብ ማኅበር ጋር ሆና ሴቶችን ስታስተምር ቆይታለች። የሴቶች የልብ ሕመም ሁልጊዜ እንደ ፊልሙ ደረት ይዞ መውደቅ አይደለም፤ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመም ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን «ደክሞኝ ነው» ሲሉ እንዲሁ አንለፈው።

በ2022 የ52 ዓመት የትዳር አጋሯ ሄልሙት አረፈ። እሱም በዚያ ሁሉ የሽንፈት ዘመን የትዳር አጋሯ የነበረ ሰው ነው።

ብዙ ሰው ሱዛን ሉቺን «18 ጊዜ የተሸነፈችው» ብሎ ያስታውሳታል። ግን ቁጠሩት፦ 18 ምሽት ተሸንፋለች፣ ለ41 ዓመት ደግሞ በማግስቱ ሥራ ገብታለች። የትኛው ይበዛል?

እናንተስ ስንት ጊዜ ሞክራችሁ ያልሆነላችሁ ነገር አለ? ኮመንት ላይ ንገሩን። ተስፋ ለቆረጠ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት 🙏