ሰንበትና የፈረስ ውርርድ

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ባሕር ጠባብ ቢሆንም፣ የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ በሁለቱ ዳርቻዎች የያዘው ጠባይ እጅግ የተራራቀ ነው፤ ምክንያቱንም የሚሻ ሰው ከፈረሶቹ ይልቅ የሕዝቡን አከባበረ ሰንበት ቢመረምር ይሻለዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 በፓሪስ የተመሠረተው «ታላቁ ሽልማት» የተባለው የፈረስ እሽቅድምድም በዕለተ እሑድ በመዋሉ በእንግሊዝ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ድል የወሰደው የእንግሊዝ ፈረስ ነበረ። እንግሊዞች ራሳቸው በእሽቅድምድም ሜዳቸው የእሑድን ውርርድ የፈቀዱት በ1995 ነው።

በፈረንሳይ የ1891 ሕግ አወራራጅ ነጋዴዎችን አስወግዶ፣ የሁሉም ገንዘብ በአንድ ቋት ተጠራቅሞ ለአሸናፊዎቹ እንዲከፋፈል አዘዘ። በ1954 የሦስት ፈረሶችን ማዕርግ አስቀድሞ መገመት የሚጠይቀው «ቲየርሴ» ሲመጣ፣ ያስቀደሰውም ደጀ ሰላም ያልሳመውም እሑድ ጧት በቡና ቤት ተሰልፎ፣ የመረጣቸውን ቁጥሮች የወረቀቱን ጠርዝ በመቁረጫ እየሸረፈ ያመለክት ነበር። እንግሊዛዊው ሠራተኛ ግን፣ የ1906 ሕግ የመንገድ ላይ ውርርድን ስለ ከለከለበት፣ ሳንቲሙን በወረቀት ጠቅልሎ ለአወራራጁ ተላላኪ በስውር ያቀብል ነበር፤ ባለጠጋው በዱቤ ያለ ፍርሃት ሲወራረድ ድኻው ፖሊስ የሚሸሽበት ይህ አድልዎ፣ የውርርድ ሱቆች በ1961 እስኪከፈቱ ድረስ መቆየቱ እጅግ ያሳዝነኛል።