ስለ ልጆች የእጅ ሥራና ስለ ታሪክ ትምህርት

በአገራችን የታሪክ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በጆሮ የሚገባ ነገር ሆኖ ኖሯል። አባት ለልጁ፥ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ይተርካል፤ ልጁም ሰምቶ በቃሉ ይይዛል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በተራኪው ፈንታ መጽሐፍ ቆመ፤ የነገሥታቱ ስምና የጦርነቱ ዓመተ ምሕረት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፤ ተማሪውም ለፈተና ያህል ይዞት ከፈተና በኋላ ተወው። ነገር ግን ማንም ትምህርት ብሎ ያልሰየመው ሌላ የታሪክ ትምህርት በልጆች እጅ ሲሠራ ኖሯል።

በአራዳ ሰፈር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው የልጅ ዓመት በእጅ ሥራ የተከፋፈለ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ከመድረሱ አስቀድሞ ወንዶች ልጆች ቃጫና ልጥ ፈልገው ጅራፍ መግመድ ይጀምራሉ። ጅራፍ እንዲጮኽ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት፤ አገማመዱ ከላላ ድምፅ የለውም። ጩኸቱ በደብረ ታቦር የተሰማው ድምፅ፥ ችቦውም በተራራው ላይ የታየው ብርሃን ምሳሌ ነው ይባላል። ልጁ ግን የምሳሌውን ትርጓሜ የሚጠይቀው ጅራፉን ገምዶ ካጮኸ በኋላ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ከቡሄ ቀጥሎ እንቁጣጣሽ ይመጣል። ሴቶች ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፥ ወንዶቹ በወረቀት ላይ አበባና ፀሐይ፥ ይልቁንም መልአክ እየሣሉ በየቤቱ ያድላሉ። ይህን መልአክ ልጁ ከየት አመጣው? ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይቶ ነው። አይቶ ሲገለብጥም፥ ደጉ ሰው ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዐይኑ፥ ክፉው ግን በጎኑ ሆኖ በአንድ ዐይኑ ብቻ እንደሚሣል፥ የጥንት ሠዓልያን ያቆሙትን ሥርዐት ሳይነገረው ይማራል። ከሱቅ በተገዛ የታተመ ሥዕል የሚያዞር ልጅ ስጦታውን እንጂ ይህን ትምህርት አያገኝም። ለገናም ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከዛፍ ተመርጦ ይቆረጣል፤ ጨዋታውም የክርስቶስን ልደት የሰሙት እረኞች ደስታ ነው እየተባለ ይተረካል።

የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ነው። የመቃ ብዕር ቀርጾ፥ ከጥላሸት ቀለም አዘጋጅቶ፥ የፍየል ቆዳ እንዴት ተወጥሮና ተፍቆ ብራና እንደሚሆን በዐይኑ ያየ ሰው፥ አንድ ዳዊት በእጅ ለመጻፍ ስንት ድካም እንደሚጠይቅ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ታዲያ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ሀብት ስለ ምን ሳይወስዱት ቀሩ? እጅ የተናቀ ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው የሚሰደቡበት ልማድ ሥር የሰደደ ስለ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ወጣ፤ ልማዱ ግን በአዋጅ አልወጣም። በዚያው ዘመን በስማቸው የተከፈተው ትምህርት ቤትም ከሁሉ ይልቅ የውጭ አገር ቋንቋዎችን የሚያስተምር ነበር። አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልግ ነበርና ይህ አያስወቅስም፤ ሆኖም ተምሮ መውጣት ማለት ከእጅ ሥራ መውጣት ማለት ሆኖ ቀረ። እኔም ከብዕርና ከማኅተም በቀር ሌላ መሣሪያ የማላውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝና ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ያው ልጅ ለቡሄ ጅራፍ ሲገምድ ጎበዝ ይባላል፤ አድጎ ሸማኔ ልሁን ቢል ግን ቤተ ዘመድ ያዝናል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ ቀድመውናል። ጀርመናዊው ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ሕፃናቱን በእንጨት ኳስና ጡብ እያጫወተ ነበር። ፊንላንድ በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት አደረገች። ጋንዲም በ1937 የሕንድ ልጅ ትምህርቱን ከጥጥ መፍተልና ከመሰለው ሥራ ጋራ አጣምሮ ይማር ሲሉ ዕቅድ አቀረቡ። ይሁን እንጂ እኛ አብነቱን ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያሻንም።

አራዳ ራሱ ይበቃል። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች የጥንቱን የአንጥረኞች ሙያ ያሳያሉ፤ አርመኑ፥ ግሪኩና ሕንዱ በዚህ ሰፈር ሠርተው ነግደዋልና የዓለምም ታሪክ እዚሁ አለ። ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ከመሆኑ በፊት እዚህ ይቆም ነበር። ተማሪዎች የዚያን ገበያ ሸክላ፥ የአሞሌውን ጨውና የጭነት አጋሰሱን ከጭቃ ቢሠሩት፥ ጨው እንዴት ገንዘብ ሊሆን እንደ ቻለ ራሳቸው ይጠይቃሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስንም ቤተ ክርስቲያን እንመልከት። ባለ ስምንት ጎን ነው። ከካርቶን ስምንት እኩል ጎን ለማጠፍ የታገለ ልጅ፥ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ክብ ሲሆን ይህ ስለ ምን ባለ ስምንት ጎን ሆነ ማለቱ አይቀርም። መልሱም ወደ ዐድዋ ድል፥ ከድሉም በኋላ በአዲስ አበባ ወደ ሠሩት የውጭ አገር ግንበኞች ይወስደዋል።

ይህ ሥራ ዛሬ የሚቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ ወዲያውም በዚያው ዓመት ለመንገድና ለኮሪደር ልማት ሲባል ከሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። መታሰቢያው ስለ ዘመቻው ይናገራል። ባለ እንጨት በረንዳዎቹን ቤቶች፥ ደረጃቸውንና ጓሯቸውን የሚናገር ግን በዚያ የኖረው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዕድሜው እየገፋ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቢልኩ፥ ልጁ የሰማውን ቤት በካርቶንና በጭራሮ ሠርቶ መልሶ ለአያቱ ቢያሳይ መልካም ይሆናል። አያትም መነጽራቸውን አስተካክለው፥ «ደረጃው በዚህ በኩል አልነበረም፤ በግራ ነው» ይሉታል፤ ልጁም አፍርሶ እንደ ገና ይሠራዋል።