የክሮን ከባቢ ልዩነት
የክሮን ከባቢ ልዩነት በእጅ ሲታዘዝ በትክክል የሚሠራ ስክሪፕት በክሮን ቀጠሮ ሲነሣ እንዲከሽፍ የሚያደርግ የሼል ቅንብር አለመጣጣም ነው። ክሮን በዩኒክስና በሊኑክስ በተወሰነ ሰዓት ትእዛዝ የሚያስኬድ የጀርባ ፕሮግራም ሲሆን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው 7ኛው የዩኒክስ እትም ተካቷል። ተጠቃሚው ሲገባ የሚነበቡትን የሼል ማስጀመሪያ ፋይሎች ክሮን አያነብም። በዚህም የፕሮግራም መፈለጊያ ዱካው ብዙውን ጊዜ በሁለት ማውጫዎች ይወሰናል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ደግሞ ክሮን የሚጠቀምበት ነባሪ ሼል ዳሽ በመሆኑ ባሽ ለተባለው ሼል ብቻ የተጻፉ አገላለጾች ይሰናከላሉ። ምርመራው የስህተት መልእክትን ወደ ፋይል በማዞር ይጀመራል፤ ክሮን ውጤትን በኢሜይል ስለሚልክ፣ የመልእክት አገልግሎት በሌለው ማሽን ማስረጃው በቀላሉ ይጠፋል። ቀጥሎ የከባቢ ተለዋዋጮችን ወደ ፋይል የሚጽፍ ጊዜያዊ ሥራ ተመድቦ የክሮን ተለዋዋጮች ከተጠቃሚው ተለዋዋጮች ጋር ይነጻጸራሉ። አስተማማኙ መፍትሔ የፕሮግራሞችን ሙሉ ዱካ መጻፍና ተለዋዋጮችን በስክሪፕቱ ውስጥ መወሰን ነው። የመቶኛ ምልክት በክሮን ሠንጠረዥ እንደ አዲስ መስመር ስለሚቆጠር፣ ቀን የሚያትሙ ትእዛዞች ከምልክቱ ፊት ባክስላሽ (\) ያስፈልጋቸዋል።