ወረቀትን መሠረት ያደረጉ ኤሌክትሮኬሚካላዊ መመርመሪያዎች፦ አሠራራቸውና የአጠቃቀም ጥንቃቄ

ወረቀትን መሠረት ያደረገ ኤሌክትሮኬሚካላዊ መመርመሪያ ማለት በደም፣ በሽንት፣ በላብ ወይም በምራቅ ውስጥ ያለን የአንድ ንጥረ ነገር መጠን በወረቀት ላይ በታተሙ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች አማካኝነት ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት ለውጦ የሚለካ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚወገድ መሣሪያ ነው። በጤና ኬላዎች የሚሠራበት የወባ ፈጣን መመርመሪያና የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚያ ውጤታቸውን በመስመር ወይም በቀለም ስለሚያሳዩ ንባቡ በተመልካቹ ዐይንና በብርሃኑ ሁኔታ ይወሰናል። ኤሌክትሮኬሚካላዊው መመርመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ለወባ “አለ” ወይም “የለም” የሚል መልስ ሊበቃ ይችላል፤ የኢንሱሊን መጠኑን ለሚወስን የስኳር ሕሙም ግን አይበቃም።

ወረቀት የተመረጠው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። የኩራዝ ክር ነጭ ጋዝን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ የወረቀት ቃጫም ፈሳሽን ያለ ፓምፕና ያለ ኤሌክትሪክ ይስባል። ፈሳሹ ወደሚፈለገው ስፍራ ብቻ እንዲሄድ በወረቀቱ ላይ ሰም ይታተምና ይሞቃል። የቀለጠው ሰም ወደ ውስጥ ሰርጎ ግድግዳ ይሆናል፤ በግድግዳዎቹ መካከል የቀረው ንጹሕ ወረቀት የፈሳሹ መተላለፊያ ቦይ ነው። ኤሌክትሮዶቹ በበኩላቸው በቲሸርት ላይ ጽሑፍ በሚታተምበት የስክሪን ኅትመት ዘዴ ከካርቦን ቀለም ይታተማሉ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ መለኪያው፣ ከብርና ከብር ክሎራይድ የሚሠራው ማመሳከሪያ እና ረዳቱ።

የግሉኮስ ልኬትን ለአብነት እንውሰድ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከግሉኮስ ኤሌክትሮኖችን ይቀበልና እንደ ፌሪሳያናይድ ላለ አቀባይ ኬሚካል ያስተላልፋል። በኤሌክትሮዱ ላይ አነስተኛ ቮልቴጅ ሲጫን አቀባዩ ኤሌክትሮኖቹን ለኤሌክትሮዱ ያስረክባል። የሚፈጠረው ጅረት በማይክሮአምፒር የሚቆጠር ቢሆንም ከግሉኮሱ መጠን ጋር ተመጣጣኝ በመሆኑ አንባቢው መሣሪያ ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይቀይረዋል።

የኢንዛይም ኤሌክትሮድ ሐሳብ በክላርክና በላየንስ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በወረቀት ላይ የታተሙ ቦዮችን ለሽንት ግሉኮስና ፕሮቲን ምርመራ ያዋለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ፤ ያ ግን ገና በቀለም የሚነበብ ነበር። ኤሌክትሮዶችን ከወረቀቱ ጋር ያዋሐዱት የታይላንዱ ቹላሎንግኮርንና የአሜሪካው ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ግሉኮስን፣ ላክቴትንና ዩሪክ አሲድን በአንድ ወረቀት ላይ ለመለካት ችለዋል። በቀጣዩ ዓመት የሃርቫርዱ ቡድን በገበያ ላይ ያለን የደም ስኳር መለኪያ እንደ አንባቢ በመጠቀም ኮሌስትሮልን ጭምር ለካ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ዋጋው 25 ዶላር ገደማ የሆነና ውጤቱን በተራ ሞባይል ስልክ የሚልክ አንባቢ አስተዋወቀ።

በአሁኑ ጊዜ በፋርማሲ የሚሸጡት የደም ስኳር ስትሪፖች በአብዛኛው በፕላስቲክ ላይ የታተሙ ናቸው፤ የመለኪያ መርሐቸው ግን ከላይ የተገለጸው ነው። ወረቀቱ የሳንቲም ዋጋ ስላለው ምርመራውም የሳንቲም ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ዋናው ወጪ ኢንዛይሙ፣ የብር ቀለሙ፣ እርጥበት የማያስገባው ማሸጊያና በየምርት ዙሩ የሚደረገው የጥራት ቁጥጥር ነው። ከዚህም በላይ አንድ መለኪያ የሚቀበለው የራሱን ስትሪፕ ብቻ በመሆኑ፣ መለኪያ ከመግዛት በፊት ስትሪፑ በአካባቢው ሳይቋረጥ መገኘቱን ማጣራት ይገባል።

ልኬቱን የሚያዛቡ ሁኔታዎች

ኤሌክትሮዱ የኤሌክትሮኖቹን ምንጭ አይለይም። በደም ውስጥ ያሉ ቫይታሚን ሲ፣ ዩሪክ አሲድና ፓራሲታሞልም በቂ ቮልቴጅ ካገኙ ጅረት ስለሚያመነጩ ንባቡን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ንባብ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ፣ የቀይ ደም ሴል ብዛቱ ከፍተኛ የሆነ አራስ ሕፃን ንባብ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን የሚመረምር ባለሙያ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን አብሮ ሊያጤን ይገባል።

የአየር ኦክስጅን ጉዳይ በተለይ እኛን ይመለከተናል። በግሉኮስ ኦክሲዴዝ በሚሠሩ ስትሪፖች ላይ ኦክስጅን ከአቀባዩ ኬሚካል ጋር ኤሌክትሮን ይሻማል፤ ኦክስጅኑ ሲቀንስ ንባቡ ወደ ላይ ያዘነብላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ ከዚያ እጅግ ከፍ ባሉ ቦታዎች የሚኖር ሕዝብም ብዙ ነው። አምራቾች መሣሪያው የሚያገለግልበትን የከፍታ ወሰን በመመሪያው ላይ ስለሚያሰፍሩ፣ ግዥ የሚፈጽሙ ጤና ተቋማት ይህንን ነጥብ ሳያዩ እንዳያልፉ ይመከራል።

አይኤስኦ 15197 የተባለው እ.ኤ.አ. የ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የደም ስኳር ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ከመቶ ዘጠና አምስቱ ንባቦች ከእውነተኛው መጠን በ15 ሚሊግራም ወሰን ውስጥ እንዲገኙ ያዛል። ይህ ማለት እውነተኛው መጠን 60 የሆነ ሰው በመሣሪያው ላይ 75 ቢያነብ መሣሪያው አልተበላሸም። በመሆኑም የሚያልበው፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ግራ የሚጋባ የስኳር ሕሙም ቁጥሩ ከ70 በላይ ስለሆነ ብቻ ችላ ሊባል አይገባም። ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጥ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በተቃራኒው በቤት መለኪያ የታየ ከፍተኛ ቁጥር ብቻውን የስኳር በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ማረጋገጫው በላቦራቶሪ የሚደረግ ምርመራ ነው።

ከመለካት በፊት እጅን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ማንጎ የላጠ ጣት በራሱ የሐሰት ንባብ ይሰጣል። ስትሪፖች ከመጀመሪያው ጣሳቸው ወጥተው በኪስ ወይም በላስቲክ ሊያዙ አይገባም፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያደረ ጣሳ ውስጥ ያለው ኢንዛይም በእርጥበት ይጎዳል። ደም የነካ ወረቀት ሊቃጠል መቻሉ ለጤና ተቋማት የአወጋገድ ሥራውን ያቀልላል። በቤት ውስጥ ግን ያገለገለ መርፌ በጠንካራ ባለክዳን ዕቃ ተጠራቅሞ በአቅራቢያ ለሚገኝ ጤና ተቋም መመለስ አለበት።