ዜና ቅብዐት ዘአድባረ ጎጃም

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉ የሮማ ካህናት ሁለት ባሕርይ የሚለውን ትምህርት በቤተ መንግሥት ተከሉ፤ አገሩም በዚህ ነገር ተፋጀ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የሕዝቡን እልቂት አይቶ «የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ» የሚል ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ፤ ያነሡት ጥያቄ ግን አብሯቸው አልወጣም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተቀባ የተጻፈው ቃል እንዴት ይተርጐም በማለት ሊቅ ከሊቅ ተያያዘ።

የተክለ ሃይማኖት ቤት የሚባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት «ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ፤ ቀቢውም ተቀቢውም ቅብዑም ወልድ ራሱ ነው» አሉ። በጎጃም የበረቱት የኤዎስጣቴዎስ ቤት ሰዎች ደግሞ «በቅብዐት ከበረ» አሉ፤ ደብረ ወርቅም ዋና ምሽጋቸው ሆነች። ሁለቱም ወገን ከአንድ ጳጳስ ክህነት የተቀበለ፣ አንድ ቅዳሴ የሚቀድስ፣ አንድ ጾም የሚጾም ነበር። ለዚህ ጸሐፊ ከምሥጢሩ ጥልቀት ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ነገሥታቱም እየተፈራረቁ ፈረዱ። ጻድቁ ዮሐንስ ወደ ተዋሕዶ አደላ፤ ዐፄ ቴዎፍሎስ የጎጃምን ልብ ሲሻ ቅብዐትን ደገፈ። በ1713 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት በጎንደር ጉባኤ አድርጎ ቅብዐትን አሳወጀ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንቢ ቢሉ ጭፍራ ሰደደባቸውና ብዙዎቹ ታረዱ። ንጉሡም ሳይቆይ ሞተ፤ በመርዝ ነው ተባለ። ወንድሙ በካፋ ነገሠ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ያስደንቃል፤ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰለት የደብረ ሊባኖስ ቤት ራሱ ዘመን ሲለወጥ «ሦስት ልደት» ወደሚለው፣ ጸጋ ወደሚባለው ወገን ተሻገረ። ታራጆቹ የሞቱለትን ቃል ተተኪዎቻቸው ተዉት።

በ1845 ዓ.ም. በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ደጃዝማች ካሣ በጎጃም ምድር፣ በአይሻል፣ ራስ ዓሊን ድል ነሣ። በዓመቱም በአምባ ጫራ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋራ ሆኖ ከተዋሕዶ በቀር እንዳይታመን አወጀ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ጠራ። የሸዋው ምኒልክም ነበረ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ለተዋሕዶም ተፈረደ። ጸጋውም ቅባቱም እንዲመለስ ታዘዘ፤ ከጸጋ ሊቃውንት እንቢ ካሉት ምላሳቸው የተቆረጠ ነበሩ። ሊቅ ሲረታ ወደ ጉባኤ ቤቱ ተመልሶ መጽሐፉን ያገላብጥ ነበር፤ ምላሱ የተቆረጠ ግን ተረታ አይባልም።

በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ተብሎ በጎጃምና በካፋ ላይ ነገሠ። መናገሻውም መንቆረር ነበረች፤ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ስላሠራባት ደብረ ማርቆስ ተባለች። ለመላው ኢትዮጵያ አንድ ጳጳስ ብቻ ይመጣ የነበረው ልማድ ያን ጊዜ ተለውጦ ከግብፅ አራት መጡ፤ ከእነርሱም አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተመደበ። በ1880 ዓ.ም. የጎጃም ጦር በሳር ውሃ ከደርቡሽ ገጥሞ ተሸነፈ። በዚያ ሜዳ ከወደቁት ማን ቅባት፣ ማን ተዋሕዶ እንደ ነበረ የቆጠረ የለም።

በማግስቱ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋራ መከረብኝ ብሎ ተቈጣ። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምን አጠፋ፤ ከብቱ ተነዳ፣ እህሉ ተቃጠለ። በቦሩ ሜዳ አንድ ሃይማኖት ያሳወጀው ንጉሥ ያንኑ ዐዋጅ የተቀበለውን አገር በረሃብ ጥሎት ሄደ። ወደ መተማ ዘምቶም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ወደቀ።

የቅብዐት ትምህርት ግን በዐዋጅ አልጠፋም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ፣ ቅባት የሚባሉ ምእመናን እስከ ዛሬ አሉ፤ ክርክሩም በየጊዜው እየተነሣ አገር ያነጋግራል።