የአሥራ ሦስት ክፍል ዕድሜ፦ «ኮንስታንቲን» ከኮሚክ መጽሔት ወደ ቴሌቪዥን

የተከታታይ ፊልም ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ረጅም ዕድሜ ስላገኘው ነው። ዐሥር ዓመት የኖረው ይወደሳል፣ ይመረመራል፤ በጥቂት ወራት ታይቶ የተቋረጠው ግን ከጣቢያው መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው አያገኝም። ይሁን እንጂ በሙያው የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ የአሠራር ጥበብም ሆነ የአሠራር ጉድለት ገሃድ የሚወጣው ከተሳካው ይልቅ በተቋረጠው ሥራ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንመለከተው «ኮንስታንቲን» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ከነዚህ አንዱ ነው። ከኦክቶበር 24 ቀን 2014 እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2015 አሥራ ሦስት ክፍሎች ከታዩ በኋላ ቀጣይ አላገኘም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለመሆኑ ሩብ ምእት ዓመት በኅትመት የኖረ ታሪክ በቴሌቪዥን አራት ወር እንኳ ሳይሞላው ስለምን ቀረ?

የገጸ ባሕርዩ አመጣጥ

ጆን ኮንስታንቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1985 ዲሲ ኮሚክስ በሚያሳትመው «ስዋምፕ ቲንግ» በተሰኘው መጽሔት 37ኛ ቁጥር ውስጥ ነው። ደራሲው እንግሊዛዊው አለን ሙር ነበር። የመጽሔቱ ሠዓሊዎች ስቲቭ ቢሴትና ጆን ቶትልበን ስቲንግ የተባለውን ዘፋኝ የሚመስል ሰው ለመሣል መሻታቸው ለገጸ ባሕርዩ መወለድ ምክንያት ሆነ። ቀጥሎም በ1988 «ሄልብሌዘር» የተባለ የራሱ መጽሔት ተከፈተለት። የዚህ መጽሔት የመጀመሪያ ደራሲ ጄሚ ዴላኖ፣ ሠዓሊው ጆን ሪጅዌይ ነበሩ። መጽሔቱ በ2013 እስኪቋረጥ ድረስ 300 ቁጥሮች ታትመዋል።

ኮንስታንቲን በኮሚክ መጽሔት ከለመድናቸው ጀግኖች የሚለይባቸው ጠባዮች አሉት። እንደነርሱ አይበርም፤ ክንዱም ብረት አያጣምምም። የሊቨርፑል የሠራተኛ መደብ ልጅ ነው፤ ቡላ ካፖርት ለብሶ፣ ሲጋራ ለኩሶ፣ በአስማት ዕውቀቱና በምላሱ ብቻ ከአጋንንት ጋር ይከራከራል። እንደ ሌሎቹም ዘላለም ወጣት ሆኖ አይኖርም፤ «ሄልብሌዘር» በቆየባቸው ዓመታት ከአንባቢዎቹ ጋር አብሮ አርጅቷል። ከሁሉ በላይ ግን ድሉ ሁልጊዜ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ ወዳጆቹ ናቸው። በወጣትነቱ በኒውካስል ከተማ በድፍረት ጋኔን ጠርቶ፣ አስትራ የተባለች ሕፃን ወደ ሲኦል የተወሰደችበት በደል እስከ መጨረሻው ይከተለዋል።

መጽሔቱ መንፈሳውያን ፍጥረታትን የሚያመጣው ለማስደንገጥ ብቻ አልነበረም። በ3ኛው ቁጥር አጋንንት እንደ ነጋዴ የሰው ነፍስ ሲገዙና ሲሸጡ እናያለን፤ ጊዜው ማርጋሬት ታቸር ለሦስተኛ ጊዜ ያሸነፉበት የ1987 ምርጫ ሌሊት፣ ቦታውም ገንዘብ እንደ ጣዖት የሚመለክበት ለንደን ነው። እንግዲህ የዴላኖ ጋኔን አገርና ዘመን ነበረው። አንባቢው የሚፈራው ቀንዱን ሳይሆን በየዕለቱ በሚኖርበት ከተማ የሚያየውን ነገር ነበር። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እናሳስባለን።

ወደ ቴሌቪዥን የተደረገው ጉዞ

በ2005 ኪያኑ ሪቭስ የተወነበት የሲኒማ ፊልም ገጸ ባሕርዩን ጥቁር ጠጉር ያለው የሎስ አንጀለስ ነዋሪ አድርጎት ነበር። ስለሆነም ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ በ2014 ተከታታይ ፊልሙን ሲያቀርብ፣ አዘጋጆቹ ዴቪድ ጎየርና ዳንኤል ሴሮኒ ወደ ምንጩ ለመመለስ ቆርጠው ተነሡ። ለመሪው ሚና የተመረጠው የዌልስ ተወላጁ ማት ራያን ነበር። ጠጉሩ፣ ካፖርቱ፣ የላላው ከረባቱ፣ የእንግሊዝ ሰሜን አነጋገሩ ሁሉ ከመጽሔቱ ገጽ ተነሥቶ የመጣ ያህል ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ኒል ማርሻል ነው።

ሆኖም ችግሩ ገና ከደጃፉ ጀመረ። በመጀመሪያው ክፍል ሉሲ ግሪፊትስ የተጫወተችው ሊቭ የተባለች ወጣት የኮንስታንቲን ዋና ጓደኛ እንድትሆን ታስባ ነበር። ክፍሉ ከተቀረጸ በኋላ ግን አዘጋጆቹ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ሊቭ እንድትወጣ፣ በምትኳም ከመጽሔቱ የተወሰደችው ዜድ፣ በአንጄሊካ ሴላያ ተዋናይነት፣ እንድትገባ ተወሰነ። አዲስ ክፍል ከመጻፍ ይልቅ የቀድሞው መጨረሻው ተለውጦ ቀረበ። በመሆኑም ተመልካቹ አንድ ሰዓት ሙሉ አብሯት ፈርቶ አብሯት የደነገጠላትን ልጅ በክፍሉ ፍጻሜ ተሰናበተ፤ ታሪኩም በሁለተኛው ሳምንት እንደ አዲስ ተጀመረ። ዜድ ከሊቭ የበለጠች ገጸ ባሕርይ መሆኗን መካድ አይቻልም፤ ለውጡ ትክክል ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚያሰኝ ነው። ተመልካች ለመቆየት ወይም ለመሄድ የሚወስነው በመጀመሪያው ምሽት መሆኑን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ የለምና።

መልክን መጠበቅና ባሕርይን መጠበቅ

በዚህ ሥራ ላይ ከተነሡት ክርክሮች ሁሉ ብዙ ያነጋገረው የሲጋራው ጉዳይ ነበር። የአሜሪካ ነፃ ጣቢያዎች መሪ ተዋናይ ሲያጨስ ለማሳየት ስለማይፈቅዱ፣ ኮንስታንቲን ላይተሩን ሲያጫውት ወይም ሲጋራውን ሲያጠፋ እንጂ እንደ ልቡ ሲያጨስ አይታይም ነበር። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን ጋርዝ ኤኒስ በ1991 በጻፈው ዝነኛ ታሪክ ውስጥ ኮንስታንቲን በማጨሱ ምክንያት የሳንባ ካንሰር ይዞት፣ የሲኦልን አለቆች እርስ በርስ አጣልቶ ከሞት እንዳመለጠ ስናስታውስ፣ ሲጋራው ጌጥ ሳይሆን የዕዳው ምልክት መሆኑ ይገባናል።

ሁለተኛው ለውጥ በቻስ ላይ የተደረገው ነው። ቻስ በመጽሔቱ ውስጥ ተራ ባለ ታክሲ ነው፤ አንድ ነፍስ ብቻ ስላለችው ከኮንስታንቲን ጋር በወጣ ቁጥር አንባቢ ይሠጋለታል። በቴሌቪዥኑ ግን በቃጠሎ ያለቁ የብዙ ሰዎችን ነፍስ በአስማት ስለተሸከመ ሞቶ የሚነሣ ሰው ሆነ። የቃጠሎው ታሪክ ራሱ ኀዘን ያለበት ነው፤ ቢሆንም ወዳጅ የሚሞትበትን ታሪክ ወዳጅ ሞቶ የሚነሣበት ሲያደርጉት የታሪኩ ሚዛን ይናጋል።

ሦስተኛው የአገሩ ነገር ነው። ፊልሙ የተሠራው በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በአትላንታ ነው። ሊቭ በደም ነጠብጣብ ምልክት አድርጋ የተወችው የአሜሪካ ካርታ ለኮንስታንቲን በየሳምንቱ አዲስ መንደርና አዲስ ጋኔን ያመለክተዋል። ይህ ዘዴ ለጸሐፊዎች የሚመች ነው፤ የዴላኖን ጋኔን ግን አገር አልባ አደረገው። ዘዴው የሠመረው አፈር ሲያገኝ ነው፤ ለምሳሌ በሁለተኛው ክፍል በፔንሲልቬኒያ የማዕድን ከተማ ውስጥ የሚነሡት መናፍስት ከዌልስ የማዕድን ቆፋሪዎች አፈ ታሪክ የመጡ ስለሆኑ፣ ከሥራው አደጋና ከቆፋሪው ቤተሰብ ሥጋት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ጉድለት የሚያካክሰው በኖቬምበር 14 ቀን 2014 የታየው አራተኛው ክፍል ነው። ታሪኩ ከ«ሄልብሌዘር» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የተወሰደ ነው። ጋሪ ሌስተር የተባለው ሱሰኛ የቀድሞ ጓደኛ በጠርሙስ አሥሮ ያመጣው የረሃብ ጋኔን አምልጦ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ፣ የያዘው ሁሉ እየበላ ሳይጠግብ እንዲሞት ያደርጋል። ጋኔኑን ማሰር የሚቻለው በሕያው ሰው ሥጋ ውስጥ ብቻ ነው። ጋሪ የኒውካስልን በደል ለመካስ ይናፍቃል፤ ኮንስታንቲንም ይህን ናፍቆቱን አይቶ ለመሥዋዕት ያቀርበዋል። ፍጻሜው ድል ነው፤ ሆኖም ደስታ የለበትም። ኮንስታንቲን የሚያጣጥረው ወዳጁ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ይይዛል፤ ሌላ የሚያደርገው የለውም። በዚያ ምሽት ሥራው የራሱን ባሕርይ አገኘ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመቋረጡ ምክንያት

የሚያሳዝነው፣ ጣቢያው ከ13ቱ ክፍሎች በላይ እንደማያዝዝ የተሰማው በዚያው በኖቬምበር ወር መሆኑ ነው። በአሜሪካ ልማድ ሙሉ የአንድ ዓመት ትእዛዝ 22 ክፍል ያህል ስለነበረ ውሳኔው የሞት ፍርድ ያህል ተቆጠረ። ሆኖም አዘጋጆቹ የቀሩትን ክፍሎች ጨርሰው አስረከቡ። በሜይ 2015 መሰረዙ በይፋ ተነገረ።

ምክንያቶቹን ለያይቶ ማየት ይገባል። አንደኛ፣ የተሰጠው ሰዓት ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በአገሬው አቆጣጠር 10 ሰዓት ነበር። በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚወድ ወጣት ከቤቱ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት በዚያው ሰዓት የቀረበው «ድራኩላ» የተባለው ተከታታይ ፊልምም ከ10 ክፍሎች አላለፈም። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያ ሰጪዎች ዋጋ የሚሰጡት በሰዓቱ ለሚመለከተው ነው፤ ቀድቶ በማግሥቱ የሚያየው ሰው የሚቆጠርበት ሚዛን የቀለለ ነበር። ሦስተኛ፣ የፊልሙ ባለቤት ዋርነር ብራዘርስ እንጂ ጣቢያው ራሱ አልነበረም። ባለቤት ያልሆነ ጣቢያ ደግሞ ወደፊት በሽያጭ የሚመጣውን ትርፍ ተስፋ አድርጎ ደካማ ጅማሬን የሚታገሥበት ምክንያት ያንሰዋል። በጃንዩዋሪ 2015 ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ሲቀደም ውሳኔው ቀድሞ ስለነበር የፈየደው የለም።

ከመቋረጡ በኋላ

ተመልካቾች ሥራው እንዲቀጥል ብዙ ጠየቁ፤ አልተሳካም። ነገር ግን ተዋናዩን አልረሱትም። ማት ራያን በኖቬምበር 2015 በሌላ ጣቢያ በሚታየው «አሮው» በተባለው ፊልም ውስጥ ያንኑ ካፖርት ለብሶ በእንግድነት ቀረበ። በኋላም በ«ሌጀንድስ ኦቭ ቱሞሮው» ከ2018 እስከ 2021 ቋሚ አባል ሆኖ ኮንስታንቲንን ተጫወተ፤ በካርቱን ፊልሞችም ድምፁን ሰጠ። የተሰረዘ ፊልም መሪ በዚያው ተዋናይ፣ በዚያው ስም፣ በሌላ ጣቢያ መቀጠሉ ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነው። እርግጥ አዲሱ ቤት የቀልድና የጀብዱ ቤት ስለነበር፣ ከጋሪ ሌስተር ጎን የተቀመጠው ሰው በዚያ የታየው አልፎ አልፎ ነው።

ከዚህ ታሪክ ጥፋቱን ሁሉ በጣቢያው ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። ጣቢያው የገጸ ባሕርዩን ስም ፈልጎ ዕዳውን ፈራ፤ አዘጋጆቹም መልኩን በታማኝነት ጠብቀው ባሕርዩን ለማግኘት አራት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ቆጣሪው ደግሞ አራት ሳምንት እንኳ አልጠበቀም። ለእኛ ለሙያው ሰዎች የሚቀረው ትምህርት ሁለት ነው። አንድን ሥራ ከኅትመት ወደ ትዕይንት የሚያሻግር ሰው ከልብሱና ከአነጋገሩ አስቀድሞ ታሪኩ በምን ዋጋ እንደሚቆም ይጠይቅ። ሥራ የማቋረጥ ሥልጣን በእጁ ያለም ሰው የተመልካቹን ቁጥር ከማየቱ በፊት የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ተቀምጦ ይመልከት። «ኮንስታንቲን» ይህ ቢደረግለት ኖሮ ይድን ነበር ብለን አንምልም፤ ቢያንስ ግን ፍርዱ በአራተኛው ክፍል ላይ እንጂ በመጀመሪያው ላይ አይሰጥም ነበር።