ባዜቃ የተነጠረበት ጠርሙስ
ህንድ። ብርጭቆ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ጭቃ።

በአዩርቬዳ ሕክምና ማዕድንና ብረታ ብረትን ወደ መድኃኒት የሚለውጠው ዘርፍ ራሳ ሻስትራ ይባላል። ዋና ግብዓቱ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ነው። ቀማሚው ባዜቃውን ከድኝ ጋር በሙቀጫ ይፈጫል፤ ብልጭታው ጠፍቶ እንደ ኩል የላመ ጥቁር ዱቄት እስኪሆን ድረስ አያቋርጥም። ዱቄቱ የሚገባበት ጠርሙስ ሙቀቱን እንዲችል ጭቃ በተቀባ ጨርቅ ሰባት ጊዜ ይጠቀለላል፤ ከዚያም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከሥሩ እሳት ይነድበታል። የሚተነው ውህድ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይጋገራል። ራሳሲንዱራ የሚባለው መድኃኒት ይህ ነው፤ የሚወጣው ጠርሙሱ ሲሰበር ብቻ ነው።

ቀማሚዎቹ ሂደቱ የባዜቃውን መርዝ ያረክሳል ይላሉ። ይሁንና ቀዩ ግግር ራሱ የሜርኩሪና የድኝ ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከቦስተን አካባቢ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ ነርቭንና ደምን፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ከዕፅዋት ብቻ የሚቀመሙ የአዩርቬዳ መድኃኒቶችም ብዙ ናቸው።